ለወዳጄ፦ ስለ መኪናህ ፕሮፎርማ

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ሁሉ ደህና ነው? በመካከላችን ብዙ ዝምታ አልፏል፤ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ግን ትናንት ያቋረጥነው ጨዋታ የቀጠለ ያህል ደስ አለኝ። ናፍቆቱን ስንገናኝ እንወጣዋለን። ጋራዡ መልስህን እየጠበቀ ነውና ወደ ጠየቅኸኝ ነገር ልግባ።

የላክህልኝን ፕሮፎርማ፣ ጋራዡ ለጥገናው ያወጣውን የዋጋ ዝርዝር፣ ደጋግሜ አየሁት። ከታች ያለውን ድምር አክብበህ «ተገቢ ነው ወይ?» ብለሃል። ድምሩን ብቻ አይቶ አዎ ወይም አይደለም ማለት አይቻልም። የሚመዘነው እያንዳንዱ መስመር ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ደግሞ ሦስት ነገር ሊነግርህ ይገባል። ይህ ሥራ ያስፈለገው ምን ተለክቶ ነው? የሚገባው ዕቃ የትኛው ነው? ሥራውስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ከሦስቱ የመጀመሪያው ይበልጥብኛል፤ መኪናው የማይፈልገው ሥራ በግማሽ ዋጋ ቢሠራልህም ገንዘብህ ባክኗል።

ከትልቁ ልጀምር። የድምሩን ትልቅ ድርሻ የወሰደው የካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ የሞተሩን ጭስ የሚያጣራው ዕቃ፣ መቀየር ነው። ምክንያቱ «የቼክ ኢንጂን መብራት በርቷል፣ ኮዱ ፒ0420 ነው» ከሚል በቀር አልተጻፈም። ይህ ኮድ የሚለው የካታሊቲኩ የማጣራት አቅም ከተወሰነው ልክ በታች ሆኖ ተነቧል ነው፤ ካታሊቲኩ ሞቷል አይልም። የመኪናው ኮምፒውተር ይህን የሚያውቀው ከካታሊቲኩ በኋላ ባለው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ካታሊቲኩ ጤነኛ ከሆነ፣ ሞተሩ ሞቆ በተረጋጋ ፍጥነት ሲሠራ የኋላው ሴንሰር ቮልቴጅ ብዙም ሳይዋዥቅ ይቆያል። ከላይ ከታች ቶሎ ቶሎ የሚል ከሆነ ካታሊቲኩ መጠርጠሩ ትክክል ነው። ግን የጭስ ማውጫው መገጣጠሚያ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለ የውጭ አየር ይገባና ያው ኮድ ይመጣል፤ ያረጀ ሴንሰርም ንባቡን ያዛባል። ስለዚህ ጋራዡን ሁለት ነገር ጠይቅ፦ የጭስ ማውጫው ለቀዳዳ ተፈትሿል ወይ? የኋላው ሴንሰር ንባብ በስካነር፣ የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነበው መሣሪያ፣ ታይቷል ወይ? መልሱ «ኮዱ እንዲህ ስላለ ነው» ብቻ ከሆነ ይህን መስመር ለጊዜው አስወጣው።

ካታሊቲኩ በእርግጥ ሞቶ ቢገኝ እንኳ ጥያቄው አያበቃም፤ ካታሊቲክ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በሌላ በሽታ ምክንያት ነው። አንዱ ሲሊንደር በደንብ ሳይተኩስ ቀርቶ ያልተቃጠለ ነዳጅ ሲገባበት ከመጠን በላይ ይግላል፣ ውስጡም ይቀልጣል። ሞተሩ ዘይት የሚበላ ከሆነ ደግሞ ቀስ በቀስ ይመረዛል። መነሻው ሳይጠገን አዲስ ካታሊቲክ ቢገባ አዲሱም ያንኑ ዕጣ ያገኛል። ስካነሩ ላይ ከፒ0420 ጋር እንደ ፒ0301 ያለ ኮድ ካለ፣ እሱ አንደኛው ሲሊንደር እየሳተ ነው ማለት ነውና ቅድሚያው የዚያ ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከው) ያለው ሞተር ከሆነ መመርመሪያው ቀላል ነው፤ የአንደኛውን ቦቢና ከሁለተኛው ጋር አቀያይሮ፣ ኮዱን አጥፍቶ መንዳት። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከዞረ ጥፋቱ የቦቢናው ነው። እዚያው አንደኛው ላይ ከቀረ ቀጥሎ ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ በተመሳሳይ መንገድ ይፈተናል፣ ከዚያ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተርና የሲሊንደሩ ኮምፕረሽን (የመጭመቅ አቅሙ)። አንድ መካኒክ ይህን ሳያደርግ አራቱንም ቦቢና እንቀይር ካለህ፣ ለአንድ ዕቃ ጥፋት የአራት ዕቃ ዋጋ እየጠየቀህ ነው።

ወደ ፍሬኑ ልምጣ። ሸራ የምንለው ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ ጨብጦ መኪናውን የሚያቆመውን ነው። ወረቀቱ «የፊት ሸራ አልቋል፣ ዲስክ ተበልቷል» ይላል፤ ቁጥር ግን የለውም። የአዲስ ሸራ ውፍረት፣ የጀርባ ብረቱን ሳይጨምር፣ በአብዛኛው ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ይቀየራል። ዲስኩ ደግሞ ሊደርስበት የሚችለው ዝቅተኛ ውፍረት በብዙዎቹ ላይ ራሱ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል። የሚለካው በማይክሮሜትር ነው፤ ጠርዙ ላይ ሸራ የማይነካው ከንፈር ስለሚቀር ከዚያ ገባ ብሎ፣ ዙሪያውን በተለያየ ቦታ። የተገኘው ቁጥር ከተቀረጸው በላይ ከሆነ፣ ፊቱ ካልተሰነጠቀ፣ ፍሬን ስትይዝም መሪው ካልተንቀጠቀጠ ዲስኩ ሸራ ብቻ ተቀይሮለት ይቀጥላል።

የእጅ ዋጋውም ላይ ድርብ ነገር አለ። ሸራ ለመቀየር አንድ ሂሳብ፣ ዲስክ ለመቀየር ሌላ ሂሳብ ተጽፏል። ዲስኩን ለማውጣት ሸራውን የሚጫነው ካሊፐርም ሸራውም አስቀድመው መውረዳቸው ግድ ነው፤ ስለዚህ የሸራው ሥራ በዲስኩ ሥራ ውስጥ አለ። አንዱ መሰረዝ አለበት። ብዛቱንም እይ፦ ሸራ የሚሸጠው በአብዛኛው ለአንድ አክስል በሚበቃ ስብስብ ነው፣ ለግራና ለቀኝ አራት ፍሬ። የአንተ ወረቀት ላይ ግን ለፊት ብቻ «2 ስብስብ» ተብሏል። ምናልባት በየጎማው ቆጥረው ይሆናል፣ ጠይቃቸው። ሌላው፣ የአንዱ ጎማ የውስጥ ሸራ ከውጪው በጣም ቀድሞ አልቆ ከተገኘ ብዙ ጊዜ የካሊፐሩ መንሸራተቻ ፒን ተጣብቋል ማለት ነው። እሱ ሳይጸዳና ተስማሚው ግራሶ ሳይቀባ አዲስ ሸራ ቢገባ ያለ ዕድሜው ያልቃል።

የታይሚንግ ቺንጋው፣ የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜ የሚያስተካክለው ቀበቶ፣ መስመር ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት ይፈልጋል። እዚህ ሁለት ስህተት አለ፤ አንዱ ያስወድድብሃል፣ ሌላው ያረክስልሃል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ርካሹ ነው። ያስወደደው የእጅ ዋጋው ነው። ለቺንጋው 4 ሰዓት፣ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ለሚያዞረው ወተር ፓምፕ 3 ሰዓት ተጽፏል። ፓምፑን የሚያዞረው ራሱ የታይሚንግ ቺንጋው ከሆነ፣ ወደ ፓምፑ ለመድረስ የሚፈታው ሁሉ ለቺንጋው ሲባል ተፈቷል፤ የቀረው የፓምፑን ብሎኖች ፈትቶ፣ ፊቱን አጽድቶ አዲሱን ማሰር ነው። በብዙ ሞተር ይህ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። አምራቾች ለየሥራው መደበኛ የሥራ ሰዓት ያወጣሉ፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ስንት እንደሚል ከዚያ እንዲያሳዩህ ጠይቅ። ፓምፑ የሚዞረው በውጪው ቺንጋ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ የተለየ ሰዓት መጠየቃቸው ሊያስኬድ ይችላል።

ያረከሰው ደግሞ ያልተጻፈው ነው። ቺንጋውን የሚወጥረው ቴንሽነርና ቺንጋው የሚዞርባቸው ሮለሮች ወረቀቱ ላይ የሉም። እነሱም ከቺንጋው ጋር እኩል ኪሎ ሜትር ሮጠዋል፤ ውስጣቸው ያለው ኩሽኔታ (የሚዞሩበት ተሸካሚ) ከተያዘ አዲሱ ቺንጋ ጥርስ ይዘላል ወይም ይበጠሳል። ፒስተንና ቫልቭ አንድ ቦታ ላይ በሚገናኙበት ሞተር ይህ ማለት የተጣመመ ቫልቭ፣ ለጥገና የወረደ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ነው። ስለዚህ ቺንጋ፣ ቴንሽነርና ሮለር በአንድ ኪት እንዲጻፍ አድርግ። የራዲያተር ፈሳሽም አልተጻፈም፤ ወተር ፓምፕ ሲወርድ ፈሳሹ መፍሰሱ አይቀርም። እነዚህ ዛሬ ካልተጻፉ መኪናው ተፈትቶ ሳለ በስልክ ይነገሩሃል፤ ያኔ ደግሞ ሌላ ቦታ ሄደህ ዋጋ የማወዳደር ዕድል የለህም። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሞተርህ ቺንጋ ይሁን ሰንሰለት ያለው ከመኪናው መጽሐፍ አረጋግጥ። ሰንሰለት ከሆነ ይህ መስመር እንዳለ ይወጣል። ቺንጋ ከሆነም የመቀየሪያው ኪሎ ሜትርና ዓመት እዚያው ተጽፏል፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይሠራል።

የዘይቱ ነገር አጭር ነው። 6 ሊትር ተብሏል። አራት ሲሊንደር ያለው የቤት መኪና ሞተር ከነፊልትሮው ብዙውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 5 ሊትር ነው የሚይዘው፤ የአንተን ልክ መጽሐፉ ይነግርሃል። ትርፍ ዘይት ሂሳብ ብቻ አይደለም፣ በእርግጥ ከተጨመረ የሞተሩ ዋና ዘንግ (ክራንኩ) እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ የሆነ ዘይት ደግሞ ሞተርን አይጠብቅም። ወረቀቱ ላይ የዘይቱ ዓይነትና ውፍረት፣ 5ደብሊው-30 ይሁን ሌላ፣ በግልጽ ይጻፍ። የሞተርና የካቢን አየር ፊልትሮ በአብዛኛው መኪና ያለ ከባድ መሣሪያ ይወጣሉና ራስህ አውጥተህ እያቸው፤ ለእያንዳንዳቸው የተጻፈው ግማሽ ሰዓት የእጅ ዋጋ ብዙ ነው።

«ሞተር ውስጡን ማጠቢያ» እና «ኢንጀክተር ማጽጃ» የሚሉትን ሁለት መስመሮች ሰርዛቸው። ሞተሩ ላይ የታየ ምልክት ሳይኖር፣ በአምራቹ የጥገና ሰንጠረዥ ላይም ሳይኖሩ የሚጨመሩ ናቸው። በእነሱ ፈንታ «የፍሬን ዘይት መቀየር» የሚል መስመር አስገባ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይመጥጣል፣ እርጥበት ሲበዛበት የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል፤ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቋቋም አለበት፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ዝቅተኛው ልክ 155 ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ባዶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ ይቀየር ይላሉ።

ስለ ዕቃ አንድ ነገር ልጨምር። «ኦርጅናል» የሚል ቃል ብቻውን ዋጋ ለማወዳደር አይበቃም። በመኪናው አምራች ካርቶን የሚመጣ አለ፤ ያንኑ የሚሠራው ፋብሪካ በራሱ ስም የሚሸጠው አለ፤ ሌላ ፋብሪካ የሠራው አለ፤ ያገለገለም አለ። የአራቱ ዋጋ በጣም ይራራቃል። ስለዚህ የዕቃው ቁጥርና የሠሪው ስም ይጻፍልህ፤ ቁጥሩ ደግሞ 17 ፊደልና አኃዝ ባለው የመኪናህ የቻሲ ቁጥር የተጣራ ይሁን፣ በአንድ ዓመት ሞዴል ውስጥ እንኳ ሁለት ዓይነት ዲስክ ሊኖር ይችላልና። ጋራዡ በዕቃው ላይ ትርፍ መጨመሩን አልቃወምም፤ የተሳሳተ ዕቃ ቢመጣ የሚመልሰው፣ ዋስትናውንም የሚሸከመው እሱ ነው። አንተ ዕቃ ገዝተህ ብትሰጠው፣ ሲበላሽ መካኒኩ ዕቃውን፣ ሻጩ መካኒኩን ይከስሳል። ፊልትሮ ግዛ፣ የታይሚንግ ኪት ግን አትግዛ።

ሌላ ጋራዥ ስትሄድ ለሁለቱ ጉዳዮች ሁለት መንገድ ተከተል። ለቺንጋውና ለፍሬኑ፣ የተስተካከለውን የሥራና የዕቃ ዝርዝር ያለ ዋጋ ስጣቸውና ይሙሉልህ። ለቼክ ኢንጂኑ ግን የመጀመሪያው ጋራዥ ያለውን አትንገራቸው፤ መብራቱ በርቷል ብቻ በል፣ ራሳቸው ይመርምሩ። ለምርመራው የሚጠይቁህን ክፈል፤ የለኩትን በጽሑፍ እስከሰጡህ ድረስ ከሁሉ በላይ የሚያዋጣህ ወጪ እሱ ነው። «ልዩ ልዩ» ለሚለው መስመር ዝርዝር ጠይቅ፤ ማጽጃ፣ ግራሶና ክሊፕ ከሆነ ትንሽ ነው የሚሆነው። ዝገት የያዘው ብሎን ቢሰበር ተጨማሪ ሰዓት መጠየቃቸው አግባብ ነው፣ ግን ከተስማማችሁበት ድምር በላይ ማንኛውም ነገር አንተ ሳትፈቅድ እንዳይሠራ ጽፈው ይፈርሙ። የወጡት አሮጌ ዕቃዎችም እንዲቀመጡልህ ከአሁኑ ንገራቸው።

እስከዚያ መንዳትህን በተመለከተ፣ የቼክ ኢንጂኑ መብራት ሳይቆራረጥ የበራ ከሆነና መኪናው እንደወትሮው ከሄደ ወደ ሌላው ጋራዥ መንዳት ትችላለህ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ዳር ይዘህ አቁምና አስጎትት፣ ካታሊቲኩ እየተቃጠለ ነው። ፍሬኑ ብረት ከብረት ሲፋጭ ከሰማህ በዚያ መኪና አትውጣ። ቺንጋው ጊዜው ካለፈ ረጅም መንገድ ይቅር።

ዲስኩ በሚሊ ሜትር ስንት እንደተለካ፣ የሮጠውን ኪሎ ሜትርና የተሠራበትን ዓመት፣ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ፣ የስካነሩንም ገጽ ፎቶ ላክልኝ። የተስተካከለው ፕሮፎርማ ሲመጣልህ ሳትፈርም አሳየኝ፣ አብረን መስመር በመስመር እናየዋለን። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወዳጅህ