ያሠራኋችሁ የሙከራ ሶፍትዌር የተሳሳተ ሰዓት እየመዘገበ ስለሆነ የቀረበ ቅሬታ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ከደሴ ነው የምጽፍላችሁ። ለማስተርስ ጥናቴ ስትሩፕ የሚባለውን የሥነ ልቦና ሙከራ በአማርኛ እንድትሠሩልኝ ተስማምተን ነበር፣ «ቀይ» የሚለው ቃል በሰማያዊ ቀለም ይመጣና ተሳታፊው ቃሉን ትቶ የቀለሙን ቁልፍ ይጫናል፣ በቃ። በፈረንጆቹ 1935 ስትሩፕ ካሳተመው ጀምሮ ስንቱ የሠራው ነገር ነው፣ አዲስ ነገር ፍጠሩልኝ አላልኩም።

እዚህ ሥራ ላይ ዋናው ሰዓቱ ነው። ከቃሉ በፊት ብልጭ የምትለዋ ምልክት 40 ሚሊሰከንድ ትቆይ ብዬ ነበር፣ ውጤቱ የተመዘገበበትን ፋይል ስከፍተው ከላይ እስከ ታች 40፣ 40፣ 40 ይላል። የላብራቶሪው ስክሪን ግን 60 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል ይቀይራል፣ አንዱ ፍሬም (አንዱ ምስል) 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው የሚቆየው፣ ስለዚህ ወይ በ2 ፍሬም 33 ወይ በ3 ፍሬም 50 ይሆናል እንጂ 40 ከየት ይመጣል? ሶፍትዌራችሁ የሚጽፈው እኔ ያዘዝኩትን ቁጥር ነው፣ ስክሪኑ ላይ የታየውን አይደለም! 33 ወይ 50 ምረጪ ብትሉኝ እመርጥ ነበር። ያልሆነን ነገር እንደሆነ አድርጎ መመዝገብ ግን ተራ ባግ አይደለም፣ ይሄንን ይዤ አማካሪዬ ፊት እንዴት ነው የምቆመው?

ሌላው ደግሞ ዳታውን ሴቭ የሚያደርገው ሙከራው ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ብቻ ነው። መብራት እንደሚጠፋብን ከመጀመሪያው ነግሬያችኋለሁ። ከሐይቅ በሚኒባስ የመጣች ልጅ ልትጨርስ ትንሽ ሲቀራት መብራት ሄደና አንድ መስመር እንኳ አልተረፈላትም፣ ድገሚው እንዳልላት ደግሞ አንዴ ተለማምዳዋለች፣ ከሌሎቹ ጋር አትወዳደርም። መንገድ አቋርጣ መጥታ በባዶ መሸኘቷ በጣም ነው ያሳዘነኝ። ፋይሉ ኤክሴል ላይ ሲከፈት አማርኛው ጥያቄ ምልክት የሚሆነውንም አስተካክሉት።

ስደውል «አብሽሪ፣ አፕዴት እንልካለን» ትላላችሁ፣ ሌላ ቀን ደግሞ «ኮምፒውተርሽ ደክሞ ነው»። ኮዱን ስጡኝና ሌላ ሰው ይየው ስል አይሰጥም ተባልኩ። ሳይኮፓይ የሚባለው የሥነ ልቦና ሙከራ መሥሪያ ሶፍትዌር እኮ በነፃ የሚወርድ ሆኖ በፍሬም ቆጥሮ ያሳያል፣ እኔ ግን ከፍዬ ነው ያሠራሁት።

አሁን የምፈልገው ምልክቷ በፍሬም ተቆጥራ እንድትታይ፣ በትክክል የቆየችበት ሰዓት እንዲመዘገብ፣ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላም ወዲያው ሴቭ እንዲደረግ ነው። ካልቻላችሁ ኮዱንም ገንዘቤንም መልሱልኝ። ተሳታፊ መጥራት አቁሜያለሁ፣ መልሳችሁን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ላኩልኝ።