ከፕሬዚዳንቱ ስም በታች ያሉትንም እንያቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጆርጂያ፣ ከዲካልብ ካውንቲ ነው። ስለ አሜሪካ ምርጫ የምታወጡትን ሳላነብ አላልፍም። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ወሬው ሁሉ ትራምፕ ነው። ምን አለ፣ ማንን ሰደበ፣ ማንን አባረረ። እኛም ቡና ላይ ስንቀመጥ ያው እሱኑ ነው የምናነሳው። ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ግን ስሙ የምርጫ ወረቀታችን ላይ የለም። በዚህ ምክንያት «ዘንድሮ ደግሞ ምን ምርጫ አለ?» የሚለኝ ሰው በዝቶብኛል። አለ እንጂ! ያውም ኪሳችንን የሚነካው ይኸኛው ነው።

አቋሜን አልደብቅም። ሊበራል ነኝ። ዜግነት ከወሰድኩ ጀምሮ ድምፄን የሰጠሁት ለዴሞክራቶች ነው፣ ዘንድሮም እሰጣለሁ። ይህን የምለው ሪፐብሊካን የሆነውን ወንድሜን ለማስቀየም አይደለም፤ እሱም ወጥቶ ይምረጥ። እኔን የሚያንገበግበኝ ቤቱ የሚቀረው ነው።

በ2020 ባይደን ጆርጂያን ያሸነፈው በ11,779 ድምፅ ነበር፣ አምስት ሚሊዮን ያህል ሰው በመረጠበት ስቴት። ትራምፕ ጃንዋሪ 2 ቀን 2021 የስቴቱን የምርጫ ኃላፊ ብራድ ራፈንስፐርገርን በስልክ አግኝቶ 11,780 ድምፅ ማግኘት እንደሚፈልግ የነገረው ለዚህ ነው፤ ንግግሩ ተቀድቶ ዓለም ሰምቶታል። ይህን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከሦስት ቀን በኋላ የሆነውን ግን ስንቶቻችን ልብ ብለነዋል? ጃንዋሪ 5 በተደረገው የመለያ ምርጫ ሁለቱ ዴሞክራቶች ራፋኤል ዋርኖክና ጆን ኦሶፍ አሸነፉ፣ ሴኔቱ 50 ለ50 ሆነ፣ ምክትል ፕሬዚዳንቷ ስትጨመር ዴሞክራቶች በለጡ። ማርች ላይ የኮቪዱ ሕግ ሴኔት ያለፈው 50 ለ49 ነው። የኦባማ ኬር ድጎማ፣ ማለትም ራሱ የጤና ኢንሹራንስ ለሚገዛ ሰው መንግሥት የሚያግዘው ገንዘብ፣ ከፍ ያለው በዚያ ሕግ ነው። በ2022 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ድጎማውን እስከ 2025 መጨረሻ አራዘመው፣ ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) ያላቸው ሰዎችም ለኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር በላይ እንዳይከፍሉ አደረገ። ስኳር ያለባቸው እናት ወይም አባት ያለው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልነግረውም።

ያ ድጎማ አሁን የለም። ባለፈው ዓመት ዴሞክራቶች ይራዘም ብለው ሲሟገቱ፣ ሪፐብሊካኖቹ አይሆንም ሲሉ፣ የፌደራል መንግሥቱ ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ተዘግቶ ከረመ፤ 43 ቀን። ድጎማው ግን አልተራዘመም።

አንድ ወዳጄ ኡበር ይነዳል፤ ባለቤቱ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። እንደ ብዙዎቻችን ኢንሹራንስ የሚሰጣቸው አሠሪ የላቸውም። የአዲሱን ዓመት ክፍያ የሚገልጸውን ደብዳቤ አምጥቶ እንዳነብለት ሰጠኝ። እንግሊዝኛው አስቸግሮት አይደለም፣ ቁጥሩን ማመን አቅቶት ነው። ወርሃዊው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ባልና ሚስት ተማክረው ኢንሹራንሱን ተዉት። አሁን ደረቱን በግራ በኩል ሲወጋው «ጨጓራ ነው» ይላል፣ ሥራውንም ይቀጥላል። እኔ እሱን ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ጆርጂያ ሜዲኬይድን፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠውን ኢንሹራንስ፣ ካላሰፉት 10 ስቴቶች አንዷ መሆኗን ደግሞ ጨምሩበት። ይህን ለማድረግም ላለማድረግም ሥልጣኑ ያለው ገዢውና የስቴቱ ምክር ቤት ጋ ነው። የምክር ቤቱ 236 መቀመጫዎች በሙሉ፣ የገዢውም ወንበር፣ የኦሶፍም የሴኔት ወንበር፣ ምርጫ የሚያስፈጽመው የስቴት ሴክሬታሪም ቦታ ዘንድሮ ለምርጫ ቀርበዋል። ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ «ምን ምርጫ አለ?» ይባላል?

ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን የመብራቱን ጉዳይ ነው። ስለዚህ በአማርኛ የጻፈ አላየሁም።

በኦገስት የሚመጣውን ቢል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኤሲውን ብታጠፋ ልጆቹ አይተኙ፣ ብታበራ ቢሉ አያስተኛህ። ዋጋው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ጨመረ። ይህን ጭማሪ የሚያጸድቀው ፐብሊክ ሰርቪስ ኮሚሽን የሚባል ነው፤ አምስት አባላት አሉት፣ የሚመርጣቸውም ሕዝቡ ነው። ስማቸው የሚገኘው ከወረቀቱ ወደ ታች ነው፣ ብዙ ሰው ሳያነብ የሚያልፈው ቦታ ላይ። ቮግትል የተባለው የኒውክሌር ጣቢያ ሁለት አዳዲስ ማመንጫዎች መጀመሪያ ወደ 14 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃሉ ተባለ፤ ሰባት ዓመት ዘግይተው፣ ከ30 ቢሊዮን በላይ በልተው በ2023 እና በ2024 ሥራ ጀመሩ። ከወጪው 7.56 ቢሊዮኑን ደንበኛው ይሸፍን ብሎ በዲሴምበር 2023 የወሰነው ይኸው ኮሚሽን ነው። ያኔ አምስቱም ሪፐብሊካን ነበሩ። በዚያ ላይ በፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት የኮሚሽኑ ምርጫ ለዓመታት ሲዘገይ ቆይቶ ነበር፤ የሚጠይቃቸው አልነበረም።

ኖቬምበር 2025 ላይ ምርጫው ተደረገ። አሊሺያ ጆንሰንና ፒተር ሀበርድ የተባሉ ሁለት ዴሞክራቶች ከ60 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው ገቡ። ከ2006 ወዲህ ለእንዲህ ዓይነት ስቴት አቀፍ የመንግሥት ሥልጣን ዴሞክራት ሲያሸንፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። ያደረገው ደግሞ ቢል ያንገሸገሸው ሕዝብ ነው፣ ብዙ ሪፐብሊካኖችም አብረው መርጠዋል ብዬ አምናለሁ። ዘንድሮ የሀበርድ ወንበርና ሌላ አንድ ወንበር እንደገና ለምርጫ ይቀርባሉ። ሁለቱንም ካሸነፍን ከአምስቱ ሦስቱ የኛ ይሆናሉ። መብራት በብዛት የሚበሉ ዳታ ሴንተሮች (ትላልቅ የኮምፒውተር ማዕከላት) በየቦታው እየተተከሉ ነው፤ ለነሱ የሚሠራውን ማመንጫ ወጪ ማን ይከፍላል የሚለውን የሚወስኑት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ስለ አገር ቤት ጉዳይ የሚነሳውን አልዘነጋሁም። በ2021 ቨርጂኒያ ያሉ ብዙ የኛ ሰዎች ባይደን በኢትዮጵያ ላይ በያዘው አቋም ተቆጥተው ለገዢነት ለተወዳደረው ሪፐብሊካን ለግሌን ያንግኪን ወጥተዋል። ቁጣቸው ይገባኛል። ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ዕቃ ወደ አሜሪካ ከምንልክበት ዕድል፣ መውጣታችን ብዙ ሠራተኛ ጎድቷል፣ እኔም አላሰኘኝም። ግን የቨርጂኒያ ገዢ ስለ አጎዋ ምንም አይወስንም። ደግሞስ ሌላኛው ወገን ምን አደረገልን? ኦክቶበር 2020 ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ያለው ትራምፕ ነው። ስንቱን እዚህ ያመጣውን ዲቪን ከመጀመሪያ ዘመኑ ጀምሮ ይሰረዝ ሲል ቆይቶ በዲሴምበር 2025 ያስቆመውም እሱ ነው። በዲቪ የመጣ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ሲል ግራ ይገባኛል።

ቤተክርስቲያን ውስጥ «አንተ ደግሞ በሃይማኖትህ ዴሞክራት እንዴት ትሆናለህ?» የሚሉኝ አሉ። ሃይማኖቴን በልጅነቴ የተማርኩት ነው፣ ማንም ፖለቲከኛ አይሰጠኝም፣ አይወስድብኝምም። የታመመ ይታከም፣ እንግዳ ይከበር የሚል ትምህርት ነው የተማርኩት። የውርጃን ጉዳይ ሴቲቱና ሐኪሟ ይወቁት እላለሁ። በዚህ የማይስማማኝ ካለ አከብረዋለሁ።

ፓርቲዬም ቢሆን ከወቀሳ አያመልጥም። ምርጫ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መጥተው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አድለው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ለሁለት ዓመት ድምፃቸው አይሰማም። በ2024 ባይደን እዚሁ አትላንታ ባደረገው ክርክር የደረሰበትን ሁላችንም አይተን አዘንን፤ ከውድድሩ የወጣው ጁላይ 21 ነው፣ ካማላ ሀሪስ የቀራት ሦስት ወር ተኩል ብቻ ነበር። ያ የሆነው የፓርቲው ትላልቅ ሰዎች በጊዜ አልናገር ብለው ነው። በዚህ ይቅርታ አላደርግላቸውም። ሆኖም በሌላው በኩል ያለው ፓርቲ በ2021 ባወጣው ሕግ፣ ከምርጫ ጣቢያው በ150 ጫማ ውስጥ ለተሰለፈ ሰው ውሃ ማደል ያስቀጣል። ለተጠማ ውሃ መስጠትን የሚከለክል ሕግ እኔ ከየትኛውም ባህል ጋር አላስታርቀውም።

ስለዚህ አዘጋጁ፣ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ከአሁን ጀምሮ ስለ ገዢው፣ ስለ ምክር ቤቱ፣ ስለ መብራቱ ኮሚሽን ጻፉልን። እኔን ደስ ለማሰኘት ለዴሞክራቶች አታዳሉ፤ የሁለቱንም ወገን ዕጩዎች አቅርቡ። በጆርጂያ መመዝገቢያው ኦክቶበር 5 ያበቃል፤ ይህን ቀን በፊት ገጽ አውጡልን። በእንግሊዝኛ ማንበብ የሚቸግረው ሰው ልጁንም ሆነ ጎረቤቱን ይዞ ገብቶ ሊታገዝ እንደሚችል፣ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ግን ሊያግዘው እንደማይችል የፌደራል ሕጉ ይላል፤ ይህንንም ብዙ እናቶች ስለማያውቁ ጻፉላቸው። የናሙናው የምርጫ ወረቀት ማይ ቮተር ፔጅ በሚባለው የስቴቱ የመራጮች ድረ ገጽ ላይ እንደወጣ የዲካልብን ከላይ እስከ ታች ተርጉሜ እልክላችኋለሁ። የግዊኔትንና የኮብን ካውንቲዎች የሚተረጉም ፈቃደኛ ካለ በእናንተ በኩል ያግኘኝ።

አክባሪያችሁ
ከክላርክስተን፣ ጆርጂያ