ዊዳል «ፖዘቲቭ» ሲልሽ

ውድ ልጄ፣

ባለፈው በአንድ የዊዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ውጤት «ታይፎይድ ነው» ተብለሽ መርፌ ተወጋሽ። ደግሞ ትኩሳት ቢይዝሽ ሐኪሙን ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ፣ የቱ ላይ ደግሞ እንደምታምኚው ልጻፍልሽ። መጠየቅ መድፈር አይደለም፤ በሰዓቱ ከሆነ ሐኪሙንም ይረዳዋል።

ዊዳል ባክቴሪያውን አያይም። የሚያየው ሰውነትሽ ጀርሙን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ውጤቱ ላይ 1፡160 ማለት ሴረምሽ (የደምሽ ፈሳሽ ክፍል) 160 እጥፍ ቀጥኖም ከሙከራው ፈሳሽ ጋር ተጓጉሏል ማለት ነው። ያ አንቲቦዲ ግን ከዱሮ ሕመም፣ ከክትባት ወይም ከሌላ የሳልሞኔላ (ታይፎይድ አምጪው ባክቴሪያ የሚገኝበት ወገን) ዓይነት የተረፈ ሊሆን ይችላል፤ ወባም ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ሊያመጣ ይችላል። እንደኛ ታይፎይድ በሚዘዋወርበት አገር ጤነኛ ሰውም 1፡80 ሊወጣለት ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ በሽታው ኖሮም ኔጌቲቭ ሊል ይችላል። ምርመራው አንድ ነገር የሚናገረው ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ተደግሞ ቁጥሩ አራት እጥፍ ሲያድግ ነው፣ ለምሳሌ ከ1፡80 ወደ 1፡320። ትኩሳት ይዞት ይህን ያህል ማን ይጠብቃል!

ስለዚህ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት እንዲህ በይ፦ «ዶክተር፣ የወባ ምርመራ ታየልኝ? የደም ካልቸር ይወሰድልኝ?» ካልቸር ማለት ባክቴሪያውን ከደምሽ አብቅሎ የሚያይ ምርመራ ነው። አርባ ምንጭ እስካለሽ ድረስ ወባ መቅደም አለበት። አንድ ጊዜ ኔጌቲቭ ቢልና ትኩሳቱ ቢቀጥል ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደገም። ካልቸር በየክሊኒኩ አይሠራም፤ ትልልቅ ሆስፒታል መጠየቅ ነው። መድኃኒት ከገባ በኋላ ባክቴሪያው ላይበቅል ስለሚችል ቀድሞ ይወሰድ። ለአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ሲቀዱሽ በዛ ብለሽ አትከልክይ፤ በደም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በጣም ጥቂት ስለሆነ ነው። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ይፈጃል። ካልቸርም ቢሆን ከአሥር ሕመምተኛ አራቱን ያህል ሊስት ይችላል።

ለዚህ ነው ሐኪሙ መርምሮሽ «ካልቸሩን ሳንጠብቅ እንጀምር» ካለ የማትከራከሪው። ወረቀት ብቻ አይቶ ሳይሆን ሆድሽን ዳስሶ፣ ትኩሳቱ ስንት ቀን እንደቆየ ጠይቆ የወሰነውን እመኚ። ከጀመርሽ በኋላ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል፦ ትክክለኛው መድኃኒት ተሰጥቶም ትኩሳቱ ለመውረድ ከ3 እስከ 5 ቀን ይወስዳል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ቀን «አልያዘልኝም» ብሎ ክሊኒክ ይቀይራል፣ እዚያም ዊዳል ይሠራለታል፣ አሁንም ፖዘቲቭ ይላል፣ ሌላ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል። ከአንዱ ስህተት ሁለት መድኃኒት! በአምስተኛው ቀን ካልተሻለሽ ግን ተመለሺና «ምርመራው ይታይልኝ» በይ፤ የታዘዘልሽን በራስሽ አታቋርጪ።

ሆድሽ ድንገት ጠንክሮ ቢያምሽ፣ ሰገራሽ ቢጠቁር ወይም ደም ቢታይበት፣ ወይም መቀባዠር ከጀመርሽ አንጀትሽ ደምቶ ወይም ተበስቶ፣ አለዚያም በሽታው ጠንቶብሽ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ጥያቄውን ሁሉ ተይው፣ ጓደኞችሽን ይዘሽ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

አባትሽ