ሞክሼ ሁሉ ዘመድ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ የሚደርሰኝ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን በሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር እጅ ነው። መንገዱ ቢበዛ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጋዜጣው ግን አንዳንዴ አራት ቀን ይፈጅበታል። ሾፌሩ አንብቦ እስኪጨርሰው ይሁን ረዳቱ ቆሎ ቋጥሮበት፣ እግዜር ይወቅ። አስተያየቴ ቢዘገይ በዚሁ እዩልኝ።

የምጽፈው በወጣቶች ገጻችሁ ላይ ስለ ፋንታሲ መጻሕፍት ስለወጣው ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው የፈረንጆቹን መጻሕፍት ደርድሮ፣ ሁሉም ላይ ቀለበት ወይም ሰይፍ አለ፣ ዘንዶ አለ፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ አለ፣ የጠፋ ጥንታዊ መንግሥት አለ፤ ስለዚህ ደራሲዎቹ ሳይነግሩን የጻፉት ስለ አንድ ዓለም ነው ይላል። ጽሑፉን ያነበበችልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ እኔ መነጽሬን እስካገኝ አትጠብቅም። ስትጨርስ «አባባ፣ ይሄ ሰውዬ ቁርጥ የጓሮውን ልጅ ነው» አለችኝ።

የጓሮው ልጅ ማለት ከቤታችን ጀርባ የሚኖር፣ በትምህርት በአንድ ዓመት የሚበልጣት ልጅ ነው። ሁለቱም እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን የሚያነቡት በስልክ ነው። ማታ ማታ የደብረ ብርሃን ብርድ ሲጠና ከሰል ምድጃው ዳር ይቀመጡና ይሟገታሉ፤ ይሄኛው ዓለም ከዚያኛው ይገናኛል፣ አይገናኝም። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ስሰማቸው በላ ልበልሃ ትዝ ይለኛል። ልጁ እጁን ዘርግቶ፣ ከወገቡ ዘንበል ብሎ ነው የሚናገረው፤ ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

በጽሑፉ ያልተስማማሁበትን ለማስረዳት አያቴን ማንሳት አለብኝ።

የተወለድኩት መንዝ ጌራ ምድር፣ ከመሃል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። ጓሳን ለማያውቅ አንባቢ፦ ደጋው ላይ የሚበቅል ረጅም ሣር ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ሣሩ የሚበቅልበትን አገር አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ፈረስ ጋልበው ወሰን እንደለዩበት ሲነገር ነው ያደግሁት። ከዚያ ወዲህ ሣሩን የሚያጭደው ከሁለቱ ከአንዳቸው የሚቆጠር ሰው ብቻ ነበር። ተከልሎ ይቆያል፣ የሚጠብቀው አለቃ አለው፣ ሲፈቀድ ዘሩን የቆጠረ ማጭዱን ይዞ ይገባል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪመጣ ድረስ በዚህ ነበር የሚኖረው።

አያቴ ከጌራ እቆጠራለሁ ይል ነበር። ሰባት ትውልድ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። አባቴ እንደነገረኝ፣ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ሲቆጥር አራተኛው አባት ላይ አንድ ሽማግሌ አቋረጡትና «እሱ ሰው ሚስቱ ማን ነበረች? የተቀበረውስ የት ደብር ነው?» ብለው ጠየቁት። አያቴ ስሙን እንጂ መቃብሩን አያውቅም። ሽማግሌው ግን ያውቃሉ። በዚያ ስም የሚጠሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የጌራ ዘር ነው፤ ሌላው ከይፋት ቆላ ወጥቶ የቀረ ጥጥ ነጋዴ። አያቴ ከራሱ ተነስቶ ሲወጣ የሚደርሰው ነጋዴው ዘንድ ነው፤ ከጌራ ተነስቶ ሲወርድ የሚደርሰው ሌላኛው ዘንድ ነው። ሁለቱን ያገናኛቸው ስማቸው ብቻ ነበር። (ስሙን አልጽፈውም፤ ዘመዶቼ በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።)

ስለዚህ የቤታችንን ክዳን በገንዘብ እንገዛ ነበር። አባቴ ገመድ ሲሠራ የጓሳውን ጫፍ በእግሩ አውራ ጣት ይዞ፣ መዳፉን ምራቅ አስነክቶ እየጠመዘዘ፣ ገመዱ በተበጠሰ ቁጥር «ይቺም በሞክሼ የሄደች ናት» ይል ነበር።

እንግዲህ የጋዜጣችሁ ጸሐፊ ያደረገው አያቴ ያደረገውን ነው። ቀለበት ከቀለበት፣ ዘንዶ ከዘንዶ አገናኝቶ ሰባት ትውልድ ወጣ። ሚስቱ ማን ነበረች ብሎ የጠየቀው ግን የለም።

ዋና ምስክር አድርጎ ያቀረባቸው ሁለቱን ደራሲዎች፣ ቶልኪንንና ሲ ኤስ ሉዊስን ነው። ወዳጆች ነበሩ፣ ሉዊስ በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ከቶልኪን መጽሐፍ ከ«ቀለበቶቹ ጌታ» የአንድ የሰጠመ ደሴት ስም ወስዶ አስገብቷል፣ ስለዚህ ዓለማቸው አንድ ነው ይላል። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ እንግሊዝኛ ሳስተምር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ለቶልኪን መጽሐፍም የተለየ ፍቅር አለኝ። ተማሪ ሳለሁ አንድ የፒስኮር (የአሜሪካ ሰላም ጓድ) አስተማሪ አገሩ ሲመለስ የተወልኝ ነው። የተወልኝ ሦስተኛውን ቅጽ ብቻ ነበር። መጀመሪያውን ሳላውቅ መጨረሻውን አነበብኩ፤ ማን ከማን እንደሚዋጋ ሳይገባኝ አሸናፊውን አወቅሁ። ኑሜኖር የሚባለውን ያን የሰጠመ ደሴትም ያወቅሁት ከመጽሐፉ ጀርባ ካለው ተቀጽላ ነው። ተቀጽላው የነገሥታት ትውልድ ቆጠራ ነው፤ የክፍል ጓደኞቼ ሰልችቷቸው ሲተዉት እኔ በቃሌ ያዝኩት። የመንዝ ልጅ በዘር ቆጠራ አይሰለችም።

መጽሐፉ የታተመው በ1954 እና በ1955 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፤ ስለ ደራሲዎቹና ስለ መጻሕፍቱ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ሉዊስ በ1945 ያልታተመ መጽሐፍ ገልጦ ስም ሊያወጣ አይችልም። የሆነው እንዲህ ነው። ሁለቱ ኦክስፎርድ ውስጥ ከወዳጆቻቸው ጋር እየተሰበሰቡ ረቂቃቸውን ጮክ ብለው እርስ በርስ ያነቡ ነበር። ሉዊስ ስሙን የያዘው በጆሮው ነው፤ ሲጽፈው «ኑሜኖር» የነበረው «ኑሚኖር» ሆነ። ፊደሉ መዛነፉ ራሱ ከአፍ የተለቀመ መሆኑን ይመሰክራል። በመቅድሙም ስለዚህ ነገር ይበልጥ ማወቅ የሚፈልግ የወዳጄ የፕሮፌሰር ቶልኪን ረቂቅ እስኪታተም ይጠብቅ ብሎ በግልጽ ጽፏል። የሰው እቃ መሆኑን ባለቤቱን ጠርቶ ተናገረ ማለት ነው። ቶልኪን በበኩሉ የሉዊስን ዓለም በራሱ ታሪክ ውስጥ አልቆጠረውም። አንዱ ወገን ብቻ የሚቆጥረው ዝምድና በእኛ አገር ጉርብትና ይባላል።

ጸሐፊው ሌላም ማስረጃ አለኝ ይላል። ሉዊስ ናርኒያ ስለምትባል የፈጠራ አገር በ1955 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ ጸጥ ያለ ጫካ አለ፤ ትናንሽ ኩሬዎች ሞልተውበታል፣ በእያንዳንዱ ኩሬ የዘለለ ሰው ሌላ ዓለም ይወጣል። ከኩሬዎቹ አንዱ ወደ ቶልኪን ምድር፣ ሌላው ወደ እገሌ ምድር ቢወስድስ ይላል። ቢወስድማ ጥሩ ነበር። ግን ይሄ ከአዳም መቁጠር ነው። ከአዳም ከተቆጠረ እኔም የጌራ፣ የአስቦም ወራሽ ነኝ፣ የሚኒባሱ ሾፌርም ጓሳ ገብቶ ያጭዳል።

ይህን ስል ግንኙነት የሚባል ነገር የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ እንዲያውም የልጅ ልጄ ያሳየችኝ ደስ የሚል ነው። ብራንደን ሳንደርሰን የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ አለ፤ የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በ2005 ወጣ፣ ከዚያ ሌላ ዓለም፣ ሌላ ሕዝብ፣ ሌላ አስማት ያለበት መጽሐፍ በ2006 አከለ፣ በ2009 እና በ2010 ደግሞ ሌሎች። ላይ ላዩን ሲታዩ አይተዋወቁም። ግን ሆይድ የሚባል ሰው በሁሉም ውስጥ ብቅ ይላል። አንዱ ላይ ለማኝ መስሎ ወሬ ያቀብላል፣ አንዱ ላይ ተረት ነጋሪ ነው፣ አንዱ ላይ በንጉሡ አደባባይ መኳንንቱን በነገር የሚወጋ ቀልደኛ ነው። እኔ አዝማሪ ነው አልኩ፤ እሷ አይደለም አለች። አዝማሪ ነው። ዛሬ ሞላሌ ሠርግ ላይ ያየኸው፣ በወሩ ደብረ ሲና ገበያ ላይ ማሲንቆውን ሲቃኝ ታገኘዋለህ፤ አገሮቹ አንድ መሆናቸውን የሚያሳይህ እሱ የተራመደው መንገድ ነው። ደራሲውም ዓለማቱን ኮስሚር በሚል አንድ ስም ጠርቷቸዋል። አቅኚው አባት በራሱ አፍ ቆጠረ፣ በመጽሐፉም አሰፈረው። ከዚህ በላይ ምስክር ከየት ይመጣል?

የሳንደርሰንን ጨዋነት ያየሁት ግን በሌላ ነገር ነው። ሮበርት ጆርዳን የሚባል ደራሲ ከ1990 ጀምሮ ሲያወጣ የነበረውን ረጅም ታሪክ ሳይጨርስ በ2007 ሞተ። ቀሪውን እንዲጽፍ የተመረጠው ሳንደርሰን ነበር፤ የመጨረሻውን ቅጽ በ2013 አወጣው። ሆይድን እዚያ ውስጥ አንዲት ገጽ ላይ ቢያሳልፈው ማን ይከለክለው ነበር? አላሳለፈውም። የጆርዳንን ዓለም ከራሱ አልቀላቀለም። የሟች አደራ ከራስ ርስት ጋር አይታረስም፤ ይህን የሚያውቅ ሞግዚት በእኔ ዘመን ብርቅ ነበር። ከጆርዳን የወሰደው አንድ ነገር ቢኖር አመላለስ ነው። አንባቢ ስለሚመጣው ነገር ሲያፋጥጠው ጆርዳን «አንብበህ ድረስበት» ይል ነበር፤ ሳንደርሰንም ይህንኑ ይላል። እኔም ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ብያለሁ፣ መልሱን ሳላውቀው ስቀር።

ዘግይቶ የሚቆጥር አባትም አለ። አይዛክ አሲሞቭ የሮቦት ታሪኮቹንና የጠፈር መንግሥት ታሪኮቹን ለብዙ ዓመታት ለየብቻ ሲጽፍ ኖሮ፣ በ1980ዎቹ በስተርጅናው ሁለቱን አገናኛቸው። ያው በሞት አልጋ ላይ «ያ ልጅ የእኔ ነው» እንደሚል አባወራ ነው፤ ልጁ ወራሽ ይሆናል፣ ቤቱ ግን ይታመሳል። ሮቦት የማይነሳበትን ያን የጠፈር ዘመን አሁን ሮቦቶቹ የት ሄደው ነበር ብሎ ማስረዳት አስፈለገው።

የጓሮው ልጅ ግን በዚህ ሁሉ አይረታም፤ የያዘው ነገርም ቀላል አይደለም። ጆርጅ አር አር ማርቲን በ1975 ባሳተመው የሳይንስ ልብ ወለድ አጭር ታሪክ ውስጥ ባካሎን የሚባል፣ ፈዛዛው ሕፃን የተባለ አምላክ አለ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2005 በወጣው የዘንዶና የነገሥታት መጽሐፉ ውስጥ አንዲት ልጅ ወደ አንድ ቤተ መቅደስ ትገባለች፤ ከሐውልቶቹ አንዱ ፈዛዛው ሕፃን ባካሎን ነው። ልጁ ይህን ሲያነብልን ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «መምህር፣ ስሙ አንድ፣ ቅጽሉ አንድ፣ አባቱ አንድ! ይሄም ሞክሼ ነው?» አለኝ።

የልጅ ልጄ ቤተ መቅደሱ የብዙ አገር አማልክት የተሰበሰቡበት ስለሆነ ደራሲው የድሮ አምላኩን መሃል ላይ ሸጉጦ እየተጫወተ ነው ትላለች። እኔ ወዲያው አልፈረድኩም። የልጁ ነገር ከቀለበትና ከዘንዶ በብዙ ይሻላል፣ ቢያንስ አባቱ ተገኝቷል። ግን በእኛ አገር ርስት በእናትም ይወርድ ነበር። አንድ አባት ከሁለት እናት የወለዳቸው ልጆች ወንድማማች ናቸው፤ በአንዷ እናት በኩል የመጣው መሬት ግን ለሌላዋ ልጅ አይደርሰውም። አንድ ደራሲ ሁለት ዓለም ሊወልድ ይችላል፤ አፍንጫቸው ቢመሳሰል አይገርምም። ይህን ስነግረው ልጁ ከሰሉን እየቆሰቆሰ ረጅም ጊዜ ዝም አለና «እሺ፣ እናትየዋ ማን ናት?» አለ። የምመልሰው አጣሁ። ጥያቄው የሽማግሌው ጥያቄ ነበር።

ጸሐፊው ይህን አይነት ነገር ቢያመጣ ኖሮ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ግን ማስረጃ አይሆንም። ልጅ ሳለን በየተረቱ አያ ጅቦ አለ፤ በአንዱ ተረት ሞቶ በሚቀጥለው አህያ ሲበላ እናገኘዋለን። ያው ጅብ ነው ወይስ ሌላ ብሎ አያቴን የጠየቀ ልጅ አልነበረም። እኔ አንድ ጊዜ ጠይቄ «ተኛ» ተብያለሁ።

ለማንኛውም በሚቀጥለው እትማችሁ ስለ ሉዊስና ስለ ቶልኪን የተጻፈው ይታረም። 1945 ከ1954 ይቀድማል፤ ሉዊስ ስሙን ያገኘው ከታተመ መጽሐፍ ሳይሆን ወዳጁ ሲያነብ ሰምቶ ነው። እርማቱ ሲወጣ እባካችሁ ሁለት ቅጂ በሾፌሩ እጅ ላኩልኝ፤ አንዱ ለጓሮው ልጅ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ መምህር
ከደብረ ብርሃን