«እሺ» ብላ ለቀረችው ሴት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ባለፈው በስልክ ያጫወትሽኝ ጉዳይ ከሐሳቤ አልወጣ ስላለ በጽሑፍ ላደርገው ወደድሁ። ያቺ ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ እንድትወልድ በጤና ኤክስቴንሽን ሥራሽ ሦስት ጊዜ ቤቷ ሄደሽ ብትመክሪያት፣ ሦስቱንም ጊዜ «እሺ» ብላሽ ለክትትሉ ግን አንድም ቀን ሳትመጣ መቅረቷ እንዳናደደሽ ከድምፅሽ ተረድቻለሁ።

እንደ እኔ ግምት ሴትዮዋ አልዋሸችሽም። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እየተባልን ብናድግም፣ ቤት ድረስ የመጣን እንግዳ ፊት ለፊት «እምቢ» ማለት ነውር በሆነበት አገር «እሺ» ብዙ ጊዜ እንግዳን በክብር መሸኛ ነው። አንቺ ግን ቃሏን እንደ ፊርማ ቆጥረሽ መዝገብሽን ዘጋሽ፤ እውነተኛው ጨዋታ መጀመር የነበረበት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔም ጀማሪ መምህርት ሳለሁ ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ። ከአራተኛ ክፍል የቀረች ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝና አባቷን ዕድርተኛው በተሰበሰበበት «ልጅህን በድንቁርና ልታስቀራት ነው ወይ?» ብዬ ተናገርኋቸው። አዎ፣ በአንተታ ነው የተናገርኋቸው፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ሰዉ ዝም አለ፣ እሳቸውም ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ፤ ልጅቷ ተመልሳ አልመጣችም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ ከትምህርት ስትቀርብኝ ግን አንድ የመንደሩን ሽማግሌ ይዤ ሄድሁ። ሽማግሌው እስከ ሁለተኛው ቡና ድረስ ስለ ዝናቡና ስለታመመች ላም ብቻ ሲያወሩ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። በኋላ እንደ ዘበት «ለመሆኑ ውኃውን ማን ይቀዳል?» ብለው ጠየቁ። ለካ እናትየው ወገቧን ታማ ውኃው በልጅቷ ላይ ወድቆ ኖሯል፤ አባትየው ትምህርትን ጠልተው አልነበረም። «የከሰዓቱ ፈረቃ ይሻላት ይሆን?» የሚለውን ሐሳብ ያነሡት ራሳቸው አባትየው ሲሆኑ፣ ሽማግሌው «እንዴት ያለ ነገር አሰብህ!» ብለው ከማድነቅ በቀር አንድ ቃል አልጨመሩም።

ወደ አንቺ ጉዳይ ልመለስ። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለየጤና ኬላው ሁለት ሁለት ሴቶች ከዚያው ከአካባቢው እንዲመረጡ የተደረገው የሰዉን ቋንቋና ልማድ ስለሚያውቁ ነው፤ ስለዚህ የጤና ትምህርት ፓኬጆቹን በቃልሽ ከመዘርዘርሽ ይልቅ የሰፈር ልጅ መሆንሽ ይጠቅምሻል። ቤት የምትወልድ ሴት ጎረቤቶቿ ከበዋት «ማርያም፣ ማርያም» እያሉላት፣ ገንፎው እየተገነፋላት ነው። ባዕድ ክፍል ውስጥ፣ ቀዝቃዛ አልጋ ላይ፣ ምናልባትም ወንድ አዋላጅ ፊት መተኛት እንዴት እንደሚከብዳት አስቢው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ተሠርቶ ገንፎና ቡና እንዲዘጋጅ የተደረገውም ይህን ያስተዋሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። የእናንተው ጣቢያ ይህ ካለው ወስደሽ አሳያት።

«ትሞቻለሽ» እያልሽ ግን አታስፈራሪያት። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነፍስ ሊያጠፋ እንደሚችል፣ ቃሬዛ ተፈልጎ መንገዱ እስኪያልቅም እንደማይጠብቅ ረጋ ብለሽ ንገሪያት፤ ሐቁን መደበቅ ማግባባት አይደለም። ከሁሉ በፊት ግን ታላላቆቹን ልጆች ማን እንደሚጠብቅላት ጠይቂያት። አማቷንም አነጋግሪያቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ ስትሄጂ ጓዳ እንደነበሩ ነግረሽኛል፣ አንድም ቀን ግን ሐሳባቸውን እንደጠየቅሻቸው አልነገርሽኝም።

ነገ ወደዚያ በሚመጣው አውቶቡስ አንድ ኪሎ ቡና ልኬልሻለሁ። ግማሹን ለእሳቸው ይዘሽ ሂጂ፤ መዝገቡን ግን ለዚያ ቀን ቤት ተዪው። ያሉሽንም ጻፊልኝ።

እናትሽ