ሳይክል የተውነው አፍረን አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሳይክል የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው የባሕር ዳር ሰው ሳይክል የተወው ባጃጅ ሲመጣ አፍሮ ነው ይላሉ። የሌላውን አላውቅም። እኔ ግን አፍሬ አይደለም የተውኩት፤ ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ነው። 47 ዓመቴ ነው፤ መምህርት ነኝ። ዘንድሮ ከ22 ዓመት በኋላ እንደገና ሳይክል ላይ ወጥቻለሁ። መከራዬን ያበላኝም የሰው ዓይን ሳይሆን ገበያው ነው።

አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነበር። ያኔ ፈረቃ ሲለቅ መንገዱ በሳይክል ይሞላል። የተማርኩትም በእሱ ጥቁር ሳይክል ነው። ኮርቻው ላይ አልደርስም። ስለዚህ ቀኝ እግሬን ከብረቱ በታች አሾልኬ፣ ጎኔን አጋድሜ እነዳ ነበር። የሰንሰለቱ ጠባሳ ዛሬም ቀኝ ባቴ ላይ አለ።

የምኖረው ዓባይ ማዶ ነው። ባጃጅ በሚቆምባቸው ቀናት በእግሬ እየተመላለስኩ ጫማ ስጨርስ፣ ዕቁቤ ሲወጣልኝ አንድ ሱቅ ገባሁ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ጣሪያ ነክቷል። በ14,500 ብር አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፊቱ ላይ ሞላ ያለው፣ ባለ 21 ማርሽ ገዛሁ። ባሕር ዳር ላይ 21 ማርሽ ምን ይሠራል? ቤዛዊት ካልወጣህ በቀር ዳገት የት አለ? ጭቃ መከላከያ የለው፣ ዕቃ መጫኛ የለው። መሐል ብረቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ቀሚስ ለብሼ ልወጣበት አልችልም። ይሄን ሁሉ ያየሁት ግን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ የግራ ፔዳሉ ወልቆ ወደቀ። ደግነቱ ድልድዩ ሰፊ ነው፤ ለእግረኛና ለሳይክል የተለየ መንገድ አለው። ከመኪና ጋር ተቀላቅዬ ቢሆን ኖሮ ይሄን ደብዳቤ ባልጻፍኩ። ሱቁ ስመለስ ልጁ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ማዘር፣ ይሄ እኮ ለልጆች ነው፤ ክብደት አይችልም» አለኝ። ሲሸጥልኝ ክብደቴ አልታየውም?

መንገድ ዳር ዛፍ ሥር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ዘንድ ገፍቼ ወሰድኩት። ፔዳሉን ገለበጡና ጫፉ ላይ የተቀረጸችውን፣ ቀኝና ግራ የምትለየውን ፊደል አሳዩኝ። የቀኙን ፔዳል በግራ፣ የግራውን በቀኝ በግድ አስገብተውት ኖሯል። የግራ ፔዳል ጥርሱ እንደ ሌላው ብሎን አይደለም፤ በተቃራኒው ነው የሚዞረው። ሁለቱም የሚጠብቁት ወደ ፊት ሲዞሩ ነው። እንደዚያ ባይሆን እየነዳህ በገዛ እግርህ ትፈታዋለህ። በግድ የገባው ፔዳል የሚታሰርበትን ብረት ጥርስ በልቶት ስለነበር ማሰሪያ አልተገኘለትም። ድሮ ያን ሁሉ ዓመት ስነዳ ይሄን አላውቅም ነበር። የሚሸጠው ሰው ግን ማወቅ አለበት።

ያን ጉድ በ6,000 ብር ሸጥኩት። ስለ ፔዳሉ ለገዢው ነግሬዋለሁ።

ጠጋኙ «አሮጌ የሴት ሳይክል ፈልጊ ልጄ፤ ብረቱ ደህና ከሆነ ሌላው ይቀየራል» አሉኝ። አንድ ጎረቤቴ ግቢ ዶሮ ሲያድርበት የኖረ ተገኘ። በ3,500 ብር። ብሩ ከመከፈሉ በፊት ጠጋኙ ራሳቸው መጥተው አዩት። ከፍ አድርገው ጎማውን አሽከረከሩና በፍሬኑና በቸርኬው መሐል ያለውን ክፍተት ተመለከቱ። ክፍተቱ ቢሰፋና ቢጠብ ቸርኬው ተጣሟል ማለት ነው። ከዚያ ጎማውን ይዘው ወደ ጎን ነቀነቁት፤ ተንገጫገጨ። «ኩሽኔታው ነው፣ ቀላል ነው» አሉ። ብዙ ያቆያቸው ብረቱ የተበየደበት ቦታ ነው። የዶሮውን ኩስ በውሃ አጥበው በጣታቸው እየዳበሱ ስንጥቅ ፈለጉ። የለም። ሁለት ጎማ ከነከመነዳሪው፣ ሰንሰለት፣ የፍሬን ጎማ፣ ኩሽኔታና ግራሶ ከነእጅ ዋጋው 4,800 ብር ፈጀ። በድምሩ 8,300። ከአዲሱ 6,200 ብር ይረክሳል፤ ደግሞም ይሄዳል።

ኮርቻውን ያስተካከሉልኝም እሳቸው ናቸው። እኔ ሁለት እግሬ መሬት እንዲረግጥ ዝቅ ይበል ባይ ነበርኩ። «ተረከዝሽን ታች ያለው ፔዳል ላይ አድርጊ፤ እግርሽ ቀጥ ካለ ልኩ እሱ ነው» አሉ። በማግስቱ ጉልበቴን አላመመኝም።

እግር አይረሳም። የሚረሳው አንገት ነው። የኋላ ባጃጅ ለማየት ዞር ስል መሪው አብሮኝ ይዞራል። ሁለት እሑድ ንጋት ላይ ዘንባባው ሥር ይሄንኑ ብቻ ተለማመድኩ። ተማሪዎቼ «ቲቸር!» እያሉ ይጮሃሉ። ይጩሁ።

እንግዲህ ዕቃ የምታስመጡ ሰዎች፣ ብረቱ ዝቅ ያለ፣ ማርሽ የሌለው፣ ጭቃ መከላከያና መጫኛ ያለው ሳይክል አምጡልን። የ28 ጎማም አምጡ፤ እኔ አራት ሱቅ ዞሬ ነው ያገኘሁት። የመሥሪያ ቤት ጥበቃዎችም ሞተር አስገብታችሁ «ሳይክል አይገባም» አትበሉን። ባለፈው ሳምንት አንድ ቢሮ በር ላይ ከመብራት እንጨት ጋር በሰንሰለት አስሬው ገብቼ፣ ፊርማ እስኪገኝ ሦስት ጊዜ ወጥቼ አየሁት።

አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ወሬው ተሰምቷል። ሁለት ባልደረቦቼ የዶሮ ማደሪያ የሆነ ሳይክል ያለው ጎረቤት እያፈላለጉ ናቸው።

መምህርቷ፣ ከዓባይ ማዶ
ባሕር ዳር