የሕመምተኛን ገበና ለጎረቤት የሚያስነብብ ድረ ገጽ

ይድረስ ለጤና ቢሮው የዲጂታል አገልግሎት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

የቢሮው የሕመምተኞች ድረ ገጽ ለአካል ጉዳተኞች እንደማይሠራ ሦስት ደብዳቤ ጻፍን፤ ሦስቴም «ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባልን። የሚመለከተው ክፍል የእርስዎ ነው። ስለዚህ አራተኛውን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እያየው እንጽፋለን።

ከላቦራቶሪ ውጤቱ እንጀምር። ሕመምተኛው አካውንቱን ከፍቶ «ውጤት» የሚለውን ሲነካ ፒዲኤፍ ይወርድለታል። ፒዲኤፍ መሆኑ አይደለም ክፋቱ፤ ወረቀቱ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ መልሶ ስካን መደረጉ ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ ፊደል የለም፤ ያለው የፊደል ፎቶ ነው። ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም፣ ባዶ ገጽ ነው ብሎ ያልፈዋል። ዓይነ ስውሩ ሕመምተኛ እንግዲህ የኤች አይ ቪ ምርመራውን ውጤት ለመስማት ስልኩን ለጎረቤት፣ ለአከራይ ወይም ለገዛ ልጁ ማቀበል አለበት። ገበናውን ከእሱ ቀድሞ ሌላ ሰው ያውቀዋል።

ፎቶ የሚያነቡ መተግበሪያዎች አሉ እንዳይሉን። በሰንጠረዥ የተደረደረን ቁጥር ሲያነቡ ዓምድ ያደባልቃሉ፤ በደበዘዘ ስካን ላይ ደግሞ ነጥብ ይውጣሉ። የኩላሊትን ጤና የሚያሳየው የደም ልኬት፣ ክሪያቲኒን፣ በአዋቂ ሰው በዴሲ ሊትር 1.2 ሚሊ ግራም ቢሆን ብዙም አያስደነግጥም። ነጥቧ ከጠፋች 12 ይሆናል፤ ያ ደግሞ ኩላሊቱ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ቁጥር ነው።

የሚገርመው ውጤቱ መጀመሪያም ኮምፒውተር ውስጥ በፊደልና በቁጥር ተቀምጦ ነበር። ፎቶ ያደረጋችሁት ለማኅተሙ ብላችሁ ነው። ማኅተም ያለበት ፋይል ለሚፈልገው ይቀመጥለት፤ ውጤቱ ግን እዚያው ገጹ ላይ ኤችቲኤምኤል በሚባለው የድረ ገጽ ኮድ በተሠራ ሰንጠረዥ ይውጣ። የምርመራው ስም፣ ውጤቱ፣ መለኪያውና ጤናማው መጠን የየዓምዱ ርዕስ ተብለው በኮዱ ውስጥ ይመዝገቡ፤ ያኔ ስክሪን ሪደሩ ከእያንዳንዱ ቁጥር በፊት የምን ቁጥር እንደሆነ ይናገራል። ከልክ ያለፈውን ቁጥር ቀይ ቀለም መቀባት ብቻ አይበቃም፤ «ከፍተኛ» ወይም «ዝቅተኛ» ተብሎ ይጻፍበት። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰውም ይጠቀምበታል።

ወደ ቀጠሮው እንለፍ። የቀን መቁጠሪያው ላይ ያሉት ቀኖች ቁልፍ ይመስላሉ እንጂ ቁልፍ አይደሉም፤ ለማውስ ብቻ የሚታዘዙ፣ በኮዱ ዲቭ የሚባሉ ተራ ሳጥኖች ናቸው። የኪቦርዱ ታብ አይደርስባቸውም፣ ኢንተር አይከፍታቸውም። እጁ የሚንቀጠቀጥና ማውስ መያዝ የማይችል ሰውም እዚያው ይቀራል። መፍትሔው ቀኖቹን በኮዱም እውነተኛ ቁልፍ (በተን) ማድረግ ነው፤ ከጎኑም ቀኑን በቁጥር መጻፊያ ሳጥን ይኑር። እንደ ምንም ብሎ ያለፈውን ደግሞ ገጹ በ5 ደቂቃ ያለ ማስጠንቀቂያ ያስወጣዋል፤ የሞላው ሁሉ ይጠፋል። የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ በዝቅተኛው ደረጃው እንኳ የሚለውን ያውቁታል፦ ጊዜውን ማጥፋት ወይም አስቀድሞ ማርዘም ካልተቻለ፣ ከማለቁ በፊት ይነገር፣ አንድ ቁልፍ ነክቶ ለማራዘም ቢያንስ 20 ሰከንድ ይሰጥ፣ ቢያንስ 10 ጊዜ ማራዘም ይቻል።

ሦስተኛው መልሳችሁ ገጹ «በአውቶማቲክ መመርመሪያ ተፈትሾ አልፏል» ይላል። መመርመሪያው ምስሉ መግለጫ እንዳለው ያያል፤ መግለጫው «ምስል 42» ብቻ መሆኑ ግን አይገደውም። ጥግ ላይ ስለለጠፋችሁት የዊልቸር ምልክትም ጽፋችሁልናል። ሲነኩት ፊደል ያጎላል፣ ቀለም ይቀይራል፤ ሁለቱንም ብራውዘሩና ስልኩ ቀድሞውንም ያደርጉታል። ስካን የተደረገ ወረቀት ውስጥ ፊደል አይከትም። ደግሞም ምልክቱ ራሱ በታብ አይደረስበትም! የጤና ትምህርት ቪዲዮዎቹ የግርጌ ጽሑፍ እንደሌላቸው በመጀመሪያው ደብዳቤ ስለጻፍን አንደግመውም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት፣ አንቀጽ 25 ስለ ጤና ይናገራል፤ እነዚህን በስብሰባ ላይ ሲጠቅሷቸው ሰምተናል። አንቀጽ 22ን ግን ሲጠቅሱት አልሰማንም። የአካል ጉዳተኛው የጤና መረጃ ምስጢር ከሌላው ሰው እኩል ይጠበቅ የሚለው እሱ ነው።

አንድ ነገር ይሞክሩ። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር በነጻ ይገኛል። ቢሮዎ ኮምፒውተር ላይ ያስጭኑት፣ ማውሱን ይንቀሉ፣ የኮምፒውተሩን ስክሪን ያጥፉ፤ ከዚያ በራስዎ አካውንት ገብተው የመጨረሻ የደም ምርመራ ውጤትዎን ይክፈቱ። አላነብ ካለዎት በር ላይ የቆመውን ጥበቃ ይጥሩና ጮክ ብሎ ያንብብልዎ።